«አጥፋው» ሲባል ምኑ ይጥፋ? ክላውድ ለሚያስተዳድር ኤጀንት የቱል መግለጫ አጻጻፍ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «በኤደብሊውኤስ (በአማዞን ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚከራይ የኮምፒውተር አገልግሎት) ላይ ያሉትን የድርጅታችንን ሰርቨሮችና ዳታቤዞች የሚያስተዳድር የኤአይ ኤጀንት ሠርቻለሁ። 40 ያህል ቱል (ሥራ ለመሥራት የሚጠራው ፋንክሽን) አለው፤ ሠራተኞች በአማርኛ ያዙታል። ‹የቴስት ሰርቨሩን አጥፋው› ሲሉት አንዳንዴ ስቶፕ ያደርጋል (ያቆመዋል)፣ አንዳንዴ ተርሚኔት ለማድረግ (ለመሰረዝ) ይነሳል። ያለውን ሰርቨር የለም ይላል። ያላለቀ ሥራ አለቀ ይላል። የቱሎቹ መግለጫ እያንዳንዳቸው አንድ መስመር ናቸው። ሞዴሉን ልቀይር ወይስ መግለጫውን ላስተካክል? መግለጫው ምን ያህል ይርዘም? በአማርኛ ነው በእንግሊዝኛ የሚጻፈው?»

ሞዴሉን ከመቀየርዎ በፊት መግለጫዎቹን እንደ አዲስ ይጻፏቸው። የዘረዘሯቸው ሦስት ስህተቶች በሙሉ ከመግለጫ ጉድለት የሚመጡ ናቸው። የተሻለ ሞዴል ቢያስገቡ ስህተቶቹ ይቀንሱ ይሆናል፤ ግን በጣም በማይፈለጉበት ሰዓት ተመልሰው ይመጣሉ።

ኤጀንቱ ኮድዎን አያይም። ከእያንዳንዱ ቱል የሚደርሰው ስሙ፣ መግለጫውና በጄሰን ስኪማ (የመረጃን ቅርጽ በሚወስን አጻጻፍ) የተጻፈው የፓራሜትር (ቱሉ ሲጠራ የሚሞላ እሴት) ዝርዝር ብቻ ነው። የቀረውን ክፍተት የሚሞላው በሥልጠናው ጊዜ ስለ ኤደብሊውኤስ ካነበበው ተነስቶ በመገመት ነው። ግምቱ ብዙ ጊዜ ልክ ስለሚሆን ጉድለቱ ሳይታወቅ ይቆያል። የእርስዎ ቱል ብቻ ያለውን ጠባይ ግን፣ ማለትም የትኛውን ሪጅን (የክላውዱ ሰርቨሮች የሚገኙበትን የዓለም ክፍል) እንደሚያይ፣ ባዶ ዝርዝር ሲመልስ ምን ማለት እንደሆነ፣ የትኛውን ሥራ ለሌላ ቱል እንደሚተው፣ ከየትም ሊያነበው አይችልም።

ከ«አጥፋው» እንጀምር፤ ይህ የአማርኛ ተጠቃሚ ያለበት ኤጀንት ሁሉ የሚገጥመው ጉዳይ ነው። መብራት እናጠፋለን፤ ፋይልም እናጠፋለን። መብራቱ ተመልሶ ይበራል፤ ፋይሉ አይመለስም። በኢሲ2 (በኤደብሊውኤስ የሰርቨር አገልግሎት) ላይ የመጀመሪያው ስቶፕ፣ ሁለተኛው ተርሚኔት ነው። ስቶፕ የተደረገ ሰርቨር የኢቢኤስ (ሰርቨሩ ቢቆምም ዳታ የሚያቆይ) ዲስኩ ባለበት ይቆያል፤ ነገ ስታርት ቢደረግ ዳታው እንዳለ ይነሳል። ተርሚኔት የተደረገ ሰርቨር ግን አይመለስም፤ በዲፎልት (ሌላ ካልታዘዘ) ሩት ዲስኩም (ሲስተሙ የተጫነበት) አብሮት ይሰረዛል። (በኋላ የተጨመሩ ተጨማሪ ዲስኮች ደግሞ በዲፎልት አይሰረዙም፤ ባለቤት አልባ ሆነው ክፍያ ይቆጥራሉ። ይህም በተርሚኔት ቱል መግለጫ ውስጥ መግባት አለበት።) አሁን ያሉት ሁለት መግለጫዎች «ኢንስታንስ ያቆማል» እና «ኢንስታንስ ያጠፋል» የሚሉ ከሆኑ (ኢንስታንስ አንድ ሰርቨር ማለት ነው)፣ «አጥፋው» የሚለው ትእዛዝ በቀጥታ የሚመሳሰለው ከሁለተኛው ጋር ነው። ሞዴሉ በዚህ አልተሳሳተም፤ የተነገረውን ቃል ከተጻፈለት ቃል ጋር አገናኘ።

የስቶፕ ቱሉ መግለጫ ቢያንስ ይህን ያህል መያዝ አለበት (አርዲኤስ የኤደብሊውኤስ የዳታቤዝ አገልግሎት ነው፤ ኢላስቲክ አይፒ የማይቀየር የኢንተርኔት አድራሻ፣ ኢንስታንስ ስቶር ደግሞ የሰርቨሩ ጊዜያዊ ዲስክ ነው)፦

«አንድ የኢሲ2 ሰርቨር ስቶፕ ያደርጋል፤ አይሰርዝም። የኢቢኤስ ዲስኮቹና በውስጣቸው ያለው ዳታ ይቆያሉ፤ በ‹ኢሲ2 ስታርት ኢንስታንስ› መልሶ ማስነሳት ይቻላል። ተጠቃሚው ‹አጥፋ›፣ ‹ዝጋ› ወይም ‹አቁም› ካለና መሰረዝ እንደሚፈልግ በግልጽ ካልተናገረ የሚጠራው ይህ ቱል ነው። ለዳታቤዝ አይሠራም፤ ለዚያ ‹አርዲኤስ ስቶፕ ዳታቤዝ› አለ። ሰርቨሩ ኢላስቲክ አይፒ ከሌለው እንደገና ሲነሳ ፐብሊክ አይፒው ይቀየራል። በኢንስታንስ ስቶር ላይ ያለ ዳታ ይጠፋል፤ ሰርቨሩ ኢንስታንስ ስቶር ካለው ተጠቃሚውን ሳትጠይቅ አትቀጥል። የሰርቨሩ የሰዓት ክፍያ ይቆማል፤ የዲስኩና የኢላስቲክ አይፒው ክፍያ ይቀጥላል። የሚመልሰው ‹ስቶፒንግ› የሚል ሁኔታ ነው፤ ትርጉሙ ትእዛዙ ተቀባይነት አገኘ ማለት ብቻ ነው። ሰርቨሩ ቆሟል ብለህ ከመናገርህ በፊት በ‹ኢሲ2 ዲስክራይብ ኢንስታንስ› ‹ስቶፕድ› መሆኑን አረጋግጥ።»

(የቱል ስሞችን እዚህ በአነባበባቸው ነው ያስቀመጥኳቸው። በኮዱ ውስጥ በላቲን ፊደል ይጻፏቸው፤ አብዛኞቹ የሞዴል አቅራቢዎች በቱል ስም ውስጥ የሚፈቅዱት የላቲን ፊደል፣ ቁጥር፣ የታች ሰረዝና ሰረዝ ብቻ ነው።)

ረዥም ይመስላል፤ ነገር ግን ከውስጡ የሚወጣ ዓረፍተ ነገር የለም። የተጠቃሚውን ቃላት የሚዘረዝረው ዓረፍተ ነገር ምርጫውን ይወስናል። «ለዳታቤዝ አይሠራም» የሚለው ሁለት ተመሳሳይ ቱሎች እንዳይምታቱ ያደርጋል፤ የማይሠራውን መጥቀስ ብቻውን አይበቃም፤ በምትኩ የሚጠራውን በስም መስጠት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ኤጀንቱ «አልችልም» ብሎ ይቀመጣል። የአይፒው ነገር ደግሞ ማታ ስቶፕ የተደረገ ሰርቨር ጠዋት ሲነሳ ዶሜኑ የድሮውን አይፒ እያየ «ሲስተሙ ሞቷል» ተብሎ የሚያስደውለው ነው። የክፍያው ዓረፍተ ነገር የሚያስፈልገው ሠራተኛው «ወጪ ለመቀነስ አጥፋው» ሲል ኤጀንቱ «ከእንግዲህ ምንም አይከፈልም» ብሎ እንዳይመልስ ነው። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ኤደብሊውኤስ ለሚሰጠው ፐብሊክ አይፒቪ4 (የኢንተርኔት አድራሻ) በሰዓት 0.005 ዶላር ያስከፍላል፤ በ30 ቀን 3.60 ዶላር ይሆናል። ሰርቨሩ ቢቆምም የኢላስቲክ አይፒው ቆጣሪ አይቆምም።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች «ያላለቀ ሥራ አለቀ ይላል» ላሉት መልስ ናቸው። አብዛኛው የክላውድ ኤፒአይ (ኮድ ለክላውዱ ትእዛዝ የሚልክበት መንገድ) ትእዛዝ ተቀብሎ ወዲያው የሚመልስ፣ ሥራውን ግን ከኋላ የሚቀጥል ነው። ሞዴሉ ስህተት ያልሆነ መልስ ሲያይ እንደተሳካ ይቆጥረዋል። የዚህ ከፍተኛው ምሳሌ አርዲኤስ ላይ ነው። የዳታቤዙን መጠን የሚቀይረው ጥሪ «አፕላይ ኢሚዲየትሊ» (ወዲያው ተግብር) የሚል ፓራሜትር አለው፤ ዲፎልቱ ፎልስ (አይሁን) ነው። ካልተቀየረ ለውጡ የሚተገበረው በሚቀጥለው የጥገና መስኮት፣ ምናልባትም ከአምስትና ከስድስት ቀን በኋላ ነው። ኤፒአዩ ግን ጥያቄውን በደስታ ይቀበላል። ኤጀንቱ «ዳታቤዙ አድጓል» ይላል፣ ሠራተኛው ያምናል፣ የደመወዝ ቀን ሲደርስ ሲስተሙ እንደ ድሮው ይንፏቀቃል። ትሩ (ይሁን) ቢደረግ ደግሞ ለውጡ ዳታቤዙን ለተወሰነ ጊዜ ሊያቋርጠው ይችላል። ስለዚህ ይህ ፓራሜትር ዲፎልት አይኑረው፤ ግዴታ ይሁን፤ መግለጫውም ሁለቱም ምርጫዎች ምን እንደሚያስከትሉ ተናግሮ «ተጠቃሚውን ጠይቅ» ይበል።

አርዲኤስ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። ስቶፕ የተደረገ ዳታቤዝ ቆሞ መቆየት የሚችለው ቢበዛ 7 ቀን ነው፤ ከዚያ ኤደብሊውኤስ ራሱ ያስነሳዋል። «የሥልጠናውን ዳታቤዝ ክረምቱ እስኪወጣ አቁመው» የተባለ ኤጀንት ይህ ካልተጻፈለት አቁሞ «ተከናውኗል» ይላል፤ ክፍያው ከሳምንት በኋላ ይቀጥላል። በመግለጫው ውስጥ «ከ7 ቀን በላይ ከተፈለገ ስናፕሾት (የዳታውን ቅጂ) አንስቶ መሰረዝን እንደ አማራጭ አቅርብ፤ ራስህ ግን አትሰርዝ» የሚል ይጨመር።

ከ«አጥፋ» ሌላም የሚያሻሙ ቃላት አሉ፤ ሎግዎን (የትእዛዞቹን መዝገብ) ገልብጠው ቢያዩ ያገኟቸዋል። «ሰርቨሩን ቀንሰው» መጠኑን ማሳነስ ሊሆን ይችላል፣ ቁጥሩን መቀነስም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ኢቢኤስ ላይ ያለውን ሰርቨር ስቶፕ ማድረግን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ከአውቶ ስኬሊንግ ግሩፕ (ቁጥሩ በራሱ ከሚጨምርና ከሚቀንስ የሰርቨር ቡድን) ውስጥ ሰርቨሮችን ያስወግዳል። «ዝጋው» ሰርቨሩን ወይም ፖርቱን (የኔትወርክ በሩን) ሊሆን ይችላል። እነዚህን በየቱሉ መግለጫ ውስጥ በግዕዝ ፊደል እንዳሉ ያስገቧቸው፤ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ሲመጣ መጠየቅ እንዳለበትም ይጻፉ። ሲጠይቅም «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ አይሁን፤ «ይቁም ወይስ ለዘለዓለም ይሰረዝ?» ብሎ ልዩነቱን ራሱ ያቅርበው።

አሁን «ያለውን ሰርቨር የለም ይላል» ወዳሉት። እዚህ ላይ ዋናው ጥፋተኛ ሪጅን ነው። ኢሲ2 በየሪጅኑ የተከፈለ ነው። ሰርቨሩ ኬፕታውን ላይ ሆኖ ቱሉ አየርላንድን ቢጠይቅ የሚመጣው የስህተት መልእክት አይደለም፤ ንጹሕ ባዶ ዝርዝር ነው። ሞዴሉ ባዶ ዝርዝር ሲያይ «ሰርቨር የለም» ብሎ መደምደሙ ተፈጥሯዊ ነው። ከዚያም «እንግዲያውስ ልፍጠር» ብሎ ሁለተኛ ሰርቨር ሊያነሳ ይችላል። መፍትሔው ሦስት ቦታ ላይ ነው። ሪጅን ግዴታ የሆነ ፓራሜትር ይሁን፤ ዲፎልት አይኑረው። እሴቱ ድርጅትዎ በሚጠቀምባቸው ሁለት ወይም ሦስት ሪጅኖች በዝርዝር ይገደብ፤ ኤጀንቱ በዓለም ያሉትን ሁሉ ማወቅ አያስፈልገውም። መልሱ ደግሞ ባዶ ሲሆን ባዶ ቅንፍ ከመመለስ ይልቅ ኮድዎ «ኬፕታውን ሪጅን ውስጥ በዚህ ማጣሪያ የተገኘ ሰርቨር የለም፤ ሌሎች ሪጅኖች አልተፈተሹም» ብሎ ይመልስ። ከቱል የሚመለስ ጽሑፍ ሁሉ የመግለጫው ተከታይ ነው፤ ሞዴሉ በእኩል ትኩረት ያነበዋል።

ተመሳሳይ ነገር ክላውድዋች (የኤደብሊውኤስ የክትትል አገልግሎት) ላይ አለ፤ እዚያ ደግሞ የበለጠ ያታልላል። ኢሲ2 በራሱ የሚልከው የሲፒዩ፣ የኔትወርክና የመሳሰሉትን መረጃ ነው፤ የሚሞሪ አጠቃቀም ግን በውስጡ የለም፤ የክላውድዋች ኤጀንት የሚባለው ሶፍትዌር ሰርቨሩ ላይ ካልተጫነ አይመጣም። «ሚሞሪው ሞልቷል ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ኤጀንት ባዶ መልስ አግኝቶ «የሚሞሪ አጠቃቀሙ ዝቅተኛ ነው» ቢል መግለጫው ይህን አላስጠነቀቀውም ማለት ነው። የጊዜ ልኩም እንዲሁ ነው። ዲቴይልድ ሞኒተሪንግ (ዝርዝር ክትትል) ካልተከፈተ የኢሲ2 መረጃ የሚመጣው በየ5 ደቂቃው ነው። ክላውድዋች የ1 ደቂቃ ነጥቦችን ለ15 ቀን፣ የ5 ደቂቃውን ለ63 ቀን፣ የ1 ሰዓቱን ለ455 ቀን ያቆያል። ኤጀንቱ የሦስት ወር ታሪክ በ1 ደቂቃ ልክ ከጠየቀ የሚያገኘው የመጨረሻዎቹን ቀናት ብቻ ነው፤ «ሰርቨሩ ሥራ የጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በመግለጫው ይጻፏቸው። ከዚያ የተሻለው ኮድዎ በተጠየቀው ዘመን ርዝመት ልክ የጊዜ ልኩን ራሱ እንዲመርጥ አድርጎ ፓራሜትሩን ከሞዴሉ ፊት ማንሳት ነው። ሞዴሉ ሊሳሳትበት የማይችለው ፓራሜትር የሌለ ፓራሜትር ነው።

ገጽ መቆራረጥን (ረዥም ዝርዝር በክፍል በክፍል መምጣቱን) በአጭሩ ልለፈው። ኤስ3 (የኤደብሊውኤስ የፋይል ማስቀመጫ) በአንድ ጥሪ ቢበዛ 1,000 የፋይል ስም ይመልሳል። ኤጀንቱ ቀጣዩን ገጽ ሳይጠይቅ «1,000 ፋይል አለ» ይላል። መልሱ «ዝርዝሩ አላለቀም» የሚል ምልክት በግልጽ ይያዝ፤ መግለጫውም «ይህ ምልክት ካለ ቁጥር አትናገር» ይበል። 10 ሚሊዮን ፋይል ያለበትን ባኬት (የኤስ3 የፋይል ቋት) ለመቁጠር ግን 10,000 ጥሪ ማስኬድ ከንቱ ድካም ነው፤ የፋይል ብዛትና የባኬት መጠን በክላውድዋች በቀን አንድ ጊዜ ይመዘገባሉ። «ስንት ፋይል አለ፣ ስንት ጊጋባይት ነው» ለሚለው ለብቻው ትንሽ ቱል ሠርተው የዝርዝር ቱሉ መግለጫ ወደዚያ እንዲመራ ያድርጉ።

ሰዓትና ቀን ሰፋ ያለ ቦታ ይገባቸዋል፤ የአማርኛ ተጠቃሚ ያለው ኤጀንት ከሁሉ በላይ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ሠራተኛው «ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ባክአፕ ይነሳ» አለ እንበል። በአገራችን አቆጣጠር ሁላችንም እናውቀዋለን። በውጭ ሰዓት ረቡዕ ሌሊት 2፡00 ነው፤ በዩቲሲ (ከአዲስ አበባ በ3 ሰዓት በሚዘገየው የዓለም መነሻ ሰዓት) ደግሞ ገና ማክሰኞ 23፡00 ነው። ሰዓቱም ቀኑም ተቀየረ። ሞዴሉ «8» የሚለውን ብቻ ይዞ 08፡00 ዩቲሲ ብሎ ካስገባ፣ ባክአፑ የሚጀምረው ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ሲስተሙ ላይ ባለበት ነው። መግለጫው ላይ «ሰዓቱ በዩቲሲ ይሰጥ» ብሎ መጻፍ ግማሽ መንገድ ነው፤ ሞዴሉ ስሌቱን በጭንቅላቱ እንዲሠራ መተው አይገባም። «የኢትዮጵያ ሰዓት ቀይር» የሚል ትንሽ ቱል ይስጡት። ፓራሜትሮቹ ሦስት ይሁኑ፤ ቀን፣ ሰዓት (ከ1 እስከ 12)፣ እና የቀኑ ክፍል (ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት ብቻ)። ስሌቱን ኮዱ ይሥራ፤ የአገራችንንና የዩቲሲውን ጎን ለጎን ይመልስ፤ መግለጫውም «የጊዜ ቀጠሮ ከመያዝህ በፊት ይህን ጥራ፤ ውጤቱን ለተጠቃሚው በሁለቱም አንብብለት» ይበል። «ረቡዕ ሌሊት» ብቻ ከተባለ ለረቡዕ አጥቢያ ይሁን ለሐሙስ አጥቢያ ስለማይታወቅ ይጠይቅ። ቡድንዎ ውስጥ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ የሚኖር ሰው ካለ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚናገር ከተጠቃሚ ፕሮፋይሉ ይወሰድ እንጂ ከቋንቋው አይገመት። ኢቨንትብሪጅ ስኬጁለር የተባለው የኤደብሊውኤስ የቀጠሮ አገልግሎት የአዲስ አበባን የሰዓት ክልል በቀጥታ ስለሚቀበል የዩቲሲውን ቅነሳ ሊያስቀርልዎት ይችላል፤ የ6 ሰዓቱን ልዩነት ግን አያውቅም።

ወርም እንዲሁ ነው። «የመስከረም ወጪያችን ስንት ነው?» ሲባል የሒሳብ ክፍሉ መስከረም ማለቱ ነው ወይስ ሴፕቴምበር? የ2018 መስከረም በውጭ አቆጣጠር ከሴፕቴምበር 11 እስከ ኦክቶበር 10፣ 2025 ነው። የወጪ መረጃ የሚሰጠው የኮስት ኤክስፕሎረር ኤፒአይ ደግሞ የመጨረሻውን ቀን አይቆጥርም፤ ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ ከ2025-09-11 እስከ 2025-10-11 ነው። መግለጫው ይህን «አይቆጥርም» ካላለ ኤጀንቱ ሁልጊዜ አንድ ቀን ያጎድላል፤ ጉድለቱ ትንሽ ስለሆነ ማንም አያየውም። ይህ ኤፒአይ በአንድ ጥሪ 0.01 ዶላር ያስከፍላል፤ ለአንድ ሰው ጥያቄ ምንም አይደለም፤ በየደቂቃው በሉፕ ለሚጠይቅ ኤጀንት ግን በቀን 1,440 ጥሪ፣ 14.40 ዶላር ነው። መረጃው የሚታደሰው ቢያንስ በየ24 ሰዓቱ ስለሆነ ደጋግሞ መጠየቁ ትርጉም የለውም፤ ይህንንም ይጻፉለት።

ፓራሜትሮች ላይ አንድ ነገር ጥብቅ ይሁኑ፤ የሚለውጥ ቱል ሁሉ ሰርቨሩን በመለያ ቁጥሩ እንጂ በስሙ አይቀበል። ኢሲ2 ላይ ስም ታግ (የተለጠፈ ምልክት) ብቻ ነው፤ ሁለት ሰርቨር «ቴስት» ቢባሉ የሚከለክል የለም። መለያው «አይ» ፊደልና ሰረዝ ተከትለው 17 የሄክሳዴሲማል ምልክት (ከ0 እስከ 9 ወይም ከኤ እስከ ኤፍ) አለው (በጣም የቆዩት 8 አላቸው)፤ ይህን ቅርጽ በስኪማው ውስጥ እንደ ግዴታ ካስገቡት ሞዴሉ ስም ቢያስገባ ጥሪው ከመነሻው ይመለሳል። መግለጫው «መለያውን ከዝርዝር ቱሉ ውሰድ፤ ከራስህ አትፍጠር፤ ከአንድ በላይ ከተገኘ ሁሉንም አሳይና አስመርጥ» ይበል።

ማንኛውም መግለጫ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ተርሚኔትን አይከለክልም። «በፍጹም አትሰርዝ» ብሎ በትልልቅ ፊደል መጻፍ ምክር ነው፤ ክልከላው መቀመጥ ያለበት አይኤኤም (የኤደብሊውኤስ የፈቃድ መቆጣጠሪያ) ላይ ነው። ለኤጀንቱ የተሰጠው ሮል (የፈቃድ ስብስብ) ተርሚኔት ማድረግ የሚችለው «ቴስት» የሚል ታግ ያለውን ብቻ ይሁን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፤ ያው ሮል ታግ የመለወጥ ፈቃድም ካለው ክልከላው ፈረሰ። ኤጀንቱ ክፋት አስቦ አይደለም፤ ስህተት ሲገጥመው መንገድ ይፈልጋል፤ ታግ የሚቀይር ቱል በእጁ ካለ ይቀይረዋል። የተርሚኔሽን ጥበቃ የተደረገለት ሰርቨርም እንዲሁ ነው፤ ጥበቃውን የሚያነሳውን ፈቃድ አይስጡት። በዚህ ምክንያት ስቶፕ፣ ስታርትና ተርሚኔትን «ማኔጅ ኢንስታንስ» በሚል አንድ ቱል ውስጥ እንደ አማራጭ ማጨቅን አልመክርም፤ ፈቃዱንም የሰው ማረጋገጫውንም መለየት ያስቸግራል። ማረጋገጫው ከሰው ወደ ኮዱ በቀጥታ ይሂድ፤ ቁልፍ ተጭኖ ወይም ኮድ አስገብቶ። «ተረጋግጧል» የሚል ፓራሜትር ለሞዴሉ ከሰጡት ራሱ ትሩ ብሎ ይሞላዋል። አንትሮፒክ በኖቬምበር 2024 ያወጣውን ኤምሲፒ (ኤጀንትን ከቱሎች ጋር የሚያገናኝ የጋራ ደንብ) የሚጠቀሙ ከሆነ «ሪድ ኦንሊ» እና «ዲስትራክቲቭ» የሚሉትን የቱል ምልክቶች ይሙሏቸው፤ ነገር ግን እነሱም ጠቋሚ እንጂ መቆለፊያ አይደሉም።

የስህተት መልእክትም እንደ መግለጫ ይጻፍ። ከኤደብሊውኤስ የመጣውን ጥሬ ስህተት እንዳለ ቢያሳልፉለት ሦስት አራት ጊዜ ይሞክራል። በምትኩ «ይህ ሰርቨር ጥበቃ አለው። ደግመህ አትሞክር፤ በሌላ ቱልም አትሞክር። ለተጠቃሚው ጥበቃውን የሚያነሳው የሲስተም አስተዳዳሪው መሆኑን ንገር» ይበል። ታይምአውት (መልስ ሳይመጣ ጊዜው ማለቁ) ደግሞ የተለየ ነው። አዲስ ሰርቨር የሚፈጥረው ጥሪ መልሱ ቢዘገይና ኤጀንቱ ቢደግመው ሁለት ሰርቨር ይነሳል። ኢሲ2 ለዚህ «ክላየንት ቶክን» የሚባል መለያ ይቀበላል፤ በአንድ ቶክን ሁለቴ ቢጠራ አንድ ብቻ ይፈጥራል። ቶክኑን ግን ኮድዎ ከተጠቃሚው ጥያቄ መለያ ያውጣው። ሞዴሉ እንዲሞላው ከተተወ በየሙከራው አዲስ ይፈጥራል፤ ጥቅሙም ይቀራል።

ስለ ርዝመትና ቋንቋ። ለማንበቢያ ቱሎች ከ3 እስከ 4 ዓረፍተ ነገር፣ ለሚለውጡትና ለሚሰርዙት እስከ 8 ወይም 9 ይበቃል። 40 ቱል እያንዳንዱ 200 ቶክን (ሞዴሉ ጽሑፍን የሚከፋፍልበት ቁራጭ፤ ከክላየንት ቶክን የተለየ ነው) ቢወስድ በየጥሪው 8,000 ቶክን ነው፤ ከክፍያው በላይ የሚያሳስበው ተመሳሳይ ቱሎች ሲበዙ ምርጫው መዳከሙ ነው። ስለዚህ የማንበቢያ ቱሎችን ያዋህዷቸው፤ ለዳታቤዝ፣ ለሰርቨርና ለክፍያ የተለያዩ የቱል ቡድኖችን አዘጋጅተው በጥያቄው ዓይነት አንዱን ብቻ ያቅርቡ፤ በአንድ ጊዜ ከ15 ባይበልጡ ደግ ነው። የመግለጫው ዋና አካል በእንግሊዝኛ ይሁን ባይ ነኝ፤ የክላውዱ ቃላት ሁሉ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ በአብዛኞቹ ሞዴሎችም ያው ሐሳብ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ብዙ እጥፍ ቶክን ይወስዳል። የተጠቃሚው ቃላት ግን፣ «አጥፋ»፣ «ቀንስ»፣ «ለረቡዕ አጥቢያ»፣ በፊደላቸው ይግቡ። ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው ካስገቧቸው ማሻማታቸው ይጠፋል፤ ኤጀንቱ ሊያውቀው የሚገባው ደግሞ ያንኑ ማሻማት ነው።

ከዚያ ይፈትኑ። ከሎግዎ ሠራተኞች በእርግጥ የጻፏቸውን 40 ያህል ትእዛዞች ይውሰዱ፤ ከነፊደል ግድፈታቸው፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛም ካለ እንዳለ። ለእያንዳንዱ የሚጠበቀውን ቱልና ፓራሜትር አጠገቡ ይጻፉ። ከነዚህ ውስጥ አሥሩ ምንም ቱል መጠራት የሌለባቸው ይሁኑ፤ ወይ ማብራሪያ የሚጠየቅባቸው ወይ እምቢ የሚባልባቸው። አንድ ጊዜ ልክ መሆን ምንም ስለማያሳይ እያንዳንዱን 5 ጊዜ ያስኪዱ፤ ጠቅላላው 200 ሩጫ ነው። በእውነተኛው አካውንት ላይ ሳይሆን ጥሪውን ይዞ በሚያስቀር ኮድ ላይ ይሁን፤ ኢሲ2 ላይ «ድራይ ረን» የሚባለው ፓራሜትርም ምንም ሳይለውጥ ፈቃዱን ብቻ ይፈትሽልዎታል። በአንድ ጊዜ አንድ መግለጫ ብቻ ይቀይሩና ሁሉንም እንደገና ያስኪዱ፤ የስቶፕን መግለጫ ማሻሻል አንዳንዴ የአርዲኤሱን ጥሪዎች ወደ ራሱ ይስባል። መግለጫዎቹን ከኮዱ ጋር በጊት (የኮድ ለውጥን በሚመዘግብ ሶፍትዌር) ያስቀምጡ፤ አንድ ቃል ሲቀየር ማን፣ ለምን እንደቀየረው ይታወቅ። ማንበቢያ ቱሎች ላይ ከ200 ሩጫ አምስት ስድስት ስህተት ቢታይ እያስተካከሉ መቀጠል ይቻላል። ተርሚኔት ያለቦታው አንድ ጊዜ እንኳ ከተጠራ ግን መግለጫው ተስተካክሎ ሙሉው ፈተና እስኪያልፍ ድረስ ያንን ቱል ከኤጀንቱ ዝርዝር ያውጡት።